ፒፓው ክብር፥ ጋያው ነውር?



በዚህ ጋዜጣ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሡት ጉዳዮች የምግብ ቤት፥ የመኝታ ክፍልና የፈተና ጉዳዮች ናቸው። ሁሉም ተገቢ ናቸው። እኔ ዛሬ ልጽፍበት የተነሣሁት ነገር ግን ከነዚህ ለየት ይላል፤ ስለ ትምባሆ ማጨሻ ዕቃ ነው። «ለዚህም ወረቀት ይባክናል?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ቢታገሠኝ ግን ነገሩ ስለ ጭስ ብቻ እንዳልሆነ፥ ተምረናል የምንል ሰዎች የሌላውን ዕቃ በምን ዓይን የራሳችንን ደግሞ በምን ዓይን እንደምናይ የሚያሳይ መሆኑን ይረዳልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ፈረንጅ ከአፉ የሚሰካው ፒፓ የሊቅነት ምልክት ሲሆን፥ እናቶቻችንና አባቶቻችን ከምድጃ ዳር ተቀምጠው የሚስቡት ጋያ የኋላ ቀርነት ምልክት የሆነው በምን ሚዛን ተመዝኖ ነው?

ነገሩን እንዳስበው ያደረገኝ የአንድ ጓደኛዬ አድራጎት ነው። ይህ ጓደኛዬ ሲጃራ እንኳ አያጨስም። ቢሆንም ለምረቃ ፎቶግራፍ ይሆነኛል ብሎ ከአዲስ አበባ አንድ የእንጨት ፒፓ ገዝቶ መጣ። ትምባሆ አልገባበትም፤ እሳትም አልነካውም። ከከንፈሩ ጥግ ሰክቶ፥ መጽሐፍ ታቅፎ፥ ወደ ሩቅ እያየ ፎቶግራፍ ተነሣ። ሁላችንም «ፕሮፌሰር መሰልህ!» አልነው። ይኸው ጓደኛዬ ባለፈው መስቀል ወደ ቤቱ እንግድነት በጠራን ጊዜ፥ ገና ከደጅ ስንደርስ ቀድሞን ሮጦ ገባና የአያቱን ጋያ ከምሰሶው ሥር አንሥቶ ከአልጋ ሥር ሸሸገው። አሮጊቷ በትዝብት ተመለከቱት እንጂ አንድም ቃል አልተናገሩም። እኛም ያላየን መሰልን። ጓደኛዬ ደግ ልጅ ነው፤ አያቱንም ይወዳል። ስለዚህ የሸሸገው ከክፋት ሳይሆን ከትምህርት ቤት ይዞት ከመጣው አስተያየት የተነሣ ነው። ይህ አስተያየት የእርሱ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩም ነበር።

እንግዲህ በቅድሚያ የተሸሸገውን ዕቃ እንመልከተው። ጋያ የውሃ ፒፓ ነው። አሠራሩ ከቦታ ቦታ ቢለያይም፥ ዋናዎቹ ክፍሎች ሦስት ናቸው፤ ውሃ የሚይዝ ቅል፥ ጭሱ የሚወርድበት መቃ፥ ትምባሆና ፍም የሚቀመጡበት የሸክላ ራስ። ሰው በሳበ ጊዜ ጭሱ ከሸክላው በመቃው ወርዶ በውሃው ውስጥ ያልፋል፤ ቀዝቅዞም ወደ አፍ ይደርሳል። ያ የምናውቀው የቡልቅታ ድምፅ አየር በውሃ ውስጥ ሲያልፍ የሚሰማ ነው። የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ጓደኞቻችን በቤተ ሙከራቸው ሊያስረዱን የሚችሉትን ነገር አንዲት የቸሃ ወይም የእዣ ባልቴት ከጓሮዋ ቅል ቆርጣ፥ ከወንዝ ዳር መቃ አምጥታ፥ ከገበያ ሸክላ ገዝታ ትሠራዋለች ማለት ነው።

ጋያ የሚስብ ሰው ደግሞ ያገኘውን ሁሉ የሚያጨስ እንዳይመስላችሁ። የራሴን አያት እንደ ምሳሌ ላንሣ። አያቴ የጋያዋን ውሃ በየማለዳው ትለውጣለች፤ ያደረ ውሃ ጣዕሙን ያበላሻል ትላለች። አዲስ ቅል ወዲያው አትስብበትም፤ ምሬቱ እስኪወጣ ድረስ ደጋግማ ውሃ እየሞላች ትደፋለታለች። ሸክላውም ቢሆን ስሱ ቶሎ ይግላል፥ ወፍራሙ ደግሞ ፍሙን ያጠፋል ብላ እንደ ቡና ስኒ በጣቷ እያንኳኳች ነው የምትመርጠው። ትምባሆውን ከእንሰቱ ሥር በቀረችው ጥቂት መሬት ላይ ትተክላለች። ቅጠሉ ሲበስል ትቀጥፍና ከጎጆው ጣሪያ ሥር ከምድጃው በላይ ትሰቅለዋለች፤ እዚያም ሳምንታት ጭስ እየጠጣ ይደርቃል። ከዚያ በኮባ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ስትስብ ደግሞ የዘንድሮውንና የአምናውን ትቀላቅላለች።

«እማማ፥ ለምን አንዱን ብቻ አያደርጉም?» ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኋት።

«ልጄ፥ አዲሱ ብቻውን ጉሮሮ ይቧጥጣል፤ አሮጌው ብቻውን ደግሞ ገለባ ነው፤ ሲገናኙ ነው ትምባሆ የሚሆኑት» አለችኝ።

ይህን መልስ ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ፒፓው እንለፍ። የፒፓ ወዳጆች በአውሮፓና በአሜሪካ ስለ ትምባሆ ቅልቅል ሲያወሩ አንድ ሙሉ ትምህርት ይወጣዋል። ቨርጂንያ የሚባለው ቅጠል በሞቀ ቤት ውስጥ የሚደርቅ ሲሆን፥ ስኳሩ በርከት ያለ በመሆኑ ጣዕሙ ወደ ጣፋጭነት ያደላል። በርሌ የሚባለው በነፋስ የሚደርቅ ነው፤ ስኳሩ ጥቂት ስለ ሆነ ሌላ መዓዛ ሲጨመርበት ቶሎ ይጠጣል። በቱርክና በግሪክ አገር የሚበቅለው ትንሽ ቅጠል ያለው ዓይነት በፀሐይ ይደርቃል፤ ሽታው ቅመም ቅመም ይላል። በአሜሪካ በሉዊዝያና ግዛት ሴንት ጄምስ በሚባል ወረዳ ደግሞ ፔሪክ የሚሉት አለ፤ ቅጠሉ በበርሜል ታጭቆ፥ በኃይል ተጨቁኖ ወራት ሙሉ እየፈላ ይቆያል፤ በጣም ኃይለኛ ስለ ሆነ ጥቂት ብቻ ይጨመራል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን በሶርያ የወደብ ከተማ ስም የሚጠራው ላታኪያ ነው። ላታኪያ ማለት ከእንጨት ጭስ በላይ ተሰቅሎ ጭስ እየጠጣ የጠቆረ ቅጠል ማለት ነው። ዛሬ በዋናነት የሚመጣው ከቆጵሮስ ደሴት ነው። የእንግሊዝ ቅልቅል የሚባለው ዝነኛው የፒፓ ትምባሆ ያለ ላታኪያ እምብዛም አይታሰብም።

አንባቢ ሆይ፥ ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ ጭስ የሚጠጣ ቅጠል አሁን የት ነበር ያየነው? የለንደኑ ነጋዴ በቆርቆሮ አሽጎ፥ በወርቅማ ፊደል ስም ጽፎ የሚሸጠውን የአያቴ ጎጆ ያለ ፊደል ሲሠራው ኖሯል። ቆጵሮስና ቸሃ አልተጻጻፉም፤ አልተማከሩምም። ሁለቱም ግን ጭስ ቅጠሉን እንደሚያለሰልሰው በየራሳቸው መንገድ ደረሱበት። ኃይለኛው ቅጠል ከለዘብተኛው ጋር ሲደባለቅ ይሻላል የሚለው የቅልቅል ሊቃውንት ሕግም አያቴ በአንድ ዓረፍተ ነገር ከነገረችኝ የተለየ አይደለም።

የፒፓውም ዕቃ ቢሆን የራሱ ታሪክ አለው። አውሮፓውያን ድሮ የሚያጨሱት በሸክላ ፒፓ ነበር። ገንዘብ ያለው ደግሞ በቱርክ አገር ከእስኪሸሂር ከሚቆፈረው ቀላል ነጭ ድንጋይ የተቀረጸ ፒፓ ይይዝ ነበር፤ ይህ ድንጋይ በተጨሰበት ቁጥር ከነጭ ወደ ማር መልክ ስለሚለወጥ ባለቤቱ እንደ ልጅ እያደገ ያየዋል። በአሜሪካ በሚዙሪ ግዛት ደግሞ ከ1869 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ከበቆሎ ቆረቆንዳ ፒፓ ሲሠራ ኖሯል። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ግን በፈረንሳይ አገር ሳን ክሎድ በምትባል የተራራ ከተማ ያሉ እንጨት ጠራቢዎች ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር ላይ የሚያብጠውን ጉብታ ቆርጠው ፒፓ መሥራት ጀመሩ። ይህ እንጨት እሳት ይችላል፤ አይሰነጠቅም፤ ጉብታው ተቆፍሮ ለብዙ ሰዓት ይቀቀላል፥ ከዚያም ወራትና ዓመታት እንዲደርቅ ይተዋል። እስከ ዛሬ ድረስ የከበረ ፒፓ የሚባለው ከዚህ እንጨት የተሠራው ነው። ያ ጓደኛዬ ፎቶግራፍ የተነሣበትም ይህንኑ የሚመስል ነው።

ይህ ቁጥቋጦ በሳይንስ ስሙ ኤሪካ አርቦሪያ ይባላል። የባዮሎጂ ተማሪዎች ወዲያው ያውቁታል፤ በአማርኛ አስታ የምንለው ተክል ነው! በሰሜን ተራሮችና በባሌ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ደጋውን ሸፍኖ የሚታየው፥ ባላገሩ ለማገዶ የሚለቅመው አስታ። ፒፓ ሠሪዎች የሚፈልጉት ጉብታ በሜዲትራንያን ባሕር ዳርቻ በድንጋያማ መሬት ላይ ቀስ ብሎ ካደገው ነው፤ ስለዚህ «ተነሡና አስታ ቆርጠን ሚልዮነር እንሁን» ማለቴ አይደለም። እንዲያውም የሰሜንና የባሌ አስታ የዋልያና የቀይ ቀበሮ መጠለያ በመሆኑ ሊጠበቅ እንጂ ሊቆረጥ አይገባውም። ማለት የፈለግሁት ይህን ብቻ ነው፤ አንድ ዓይነት ተክል ከሳን ክሎድ ሲመጣ ጌጥ፥ ከደጋችን ሲመጣ ጭራሮ ሆኖ ይታየናል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ያሉት አባቶች ይህን የመሰለውን አይተው ይሆናል።

አንዳንድ ሰዎች፥ «ጋያም ቢሆን ከውጭ የተቀዳ ነው፤ ትምባሆ የአሜሪካ ተክል አይደለምን?» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ትምባሆ የአሜሪካ ተክል ነው፤ ኮሎምቦስ በ1492 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወደዚያ ከመድረሱ በፊት የቀረው ዓለም አያውቀውም ነበር። ኒኮቲን የሚለው ስም ራሱ በ1560 ገደማ ትምባሆን ወደ ፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ከላከው ከዣን ኒኮ የተወሰደ ነው። ዕቃው ግን ከቅጠሉ የቀደመ ሆኖ ተገኝቷል። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፥ በቀድሞው በጌምድር፥ ላሊበላ ከሚባል ዋሻ (ከታወቁት ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ጋር መምታታት የለበትም) በቁፋሮ የተገኙ የሸክላ ፒፓ ራሶች ተመርምረው ነበር። በ1975 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመው የኬሚካል ምርመራ፥ ሸክላዎቹ በ14ኛው መቶ ዓመት ገደማ የነበሩ የውሃ ፒፓ ክፍሎች መሆናቸውንና በላያቸውም የካናቢስ ቅሪት መገኘቱን አመልክቷል። እንግዲህ ኮሎምቦስ ከመወለዱ በፊት በአገራችን ሰው ጭስን በውሃ አሳልፎ ይስብ ነበር ማለት ነው። የሚሳበው ነገር የሚያስመሰግን ባይሆንም፥ ዕቃውን ግን ከፈረንጅ አልተማርነውም።

ታዲያ ጋያ እንዴት ነውር ሆነ? ምክንያቱ አንድ ብቻ አይመስለኝም። የመጀመሪያው ሃይማኖት ነው። በደጋው የክርስቲያን አገር ትምባሆ ከጥንት የተወገዘ ነበር፤ ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት አፄ ዮሐንስ 4ኛም ትምባሆን በብርቱ ከልክለው ነበር። ይህ ውግዘት ግን ለፒፓም ለሲጃራም እኩል ነው፤ ስለዚህ ፒፓው ለምን እንደ ከበረ አያስረዳንም። ሁለተኛው የሚጠቀምበት ሰው ነው። ጋያ የባላገር፥ የአሮጊትና የደሃ ዕቃ ነው፤ ሸክላውን የሚሠሩትም ኅብረተሰቡ ለብዙ ዘመን አጥፍቶ የሚያያቸው፥ ከጋብቻና ከማዕድ ያገለላቸው የእጅ ሥራ ባለሙያዎች ናቸው። ሠሪው ሲናቅ ሥራው ይናቃል። ሦስተኛው የትምህርታችን ነገር ነው። ፒፓን ያየነው በመጽሐፍ ጀርባ፥ በአልበርት አይንስታይን ፎቶግራፍና በሲኒማ ነው፤ ጋያን ያየነው ግን በጎጇችን ነው። የአይንስታይን ሊቅነት ከፒፓው የመጣ ይመስል ፒፓውን ያዝን፤ ሒሳቡን ግን ተውነው። ወንድሞቼ፥ ሒሳቡን ይዘን ፒፓውን ብንተው አይሻልም ነበርን?

አራተኛው ንግድ ነው። የትምባሆ ሞኖፖል በአገራችን በ1934 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የተጠቀለለ ሲጃራ የከተማ ሰው መለያ ሆኖ ቆየ፤ በሸዋ ሮቢትና በብላቴ እርሻዎችም ለዚሁ የሚሆን ቅጠል ሲመረት ኖሯል። ድርጅቱን በመጨረሻ የገዛው የጃፓን የትምባሆ ኩባንያ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 በ510 ሚልዮን ዶላር ከመቶ 40 እጅ፥ በ2017 ደግሞ በ434 ሚልዮን ዶላር ተጨማሪ ድርሻ ወስዶ ድርሻውን ከመቶ 71 ገደማ አድርሶታል። ልብ በሉ፤ በ2016 በተደረገው የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት መሠረት በአገራችን ትምባሆ የሚጠቀመው ሰው ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነው። ታዲያ ይህን ያህል ገንዘብ የሚያፈስ ነጋዴ ዓይኑን የጣለው በአያቴ ጋያ ላይ ይመስላችኋል? የአያቴ ትምባሆ ከጓሮዋ ነው፤ ለማንም አይጠቅም። ዓይኑ ያለው ገና ባላጨሰው ከመቶ 95 ላይ፥ ይኸውም በእኔና በእናንተ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይመጣል፤ መምጣቱም ተገቢ ነው። «ትምባሆ መርዝ ነው፤ ስለ መርዝ ዕቃ ይህን ያህል ማመስገን ሰውን ማሳሳት አይደለምን?» የሚል። የጤና ሳይንስ ተማሪዎች ይህን ጥያቄ ባያነሡ ኖሮ እኔው አነሣው ነበር። በግልጽ ልናገር። የጋያው ውሃ ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጠራውም፤ መርዙ፥ ኒኮቲኑና ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ በውሃው አልፈው ሳንባ ይደርሳሉ። ጭሱ መቀዝቀዙ እንዲያውም ሰው ጠልቆ እንዲስብ ያደርገዋል። ፒፓውም እንዲሁ ነው። «የፒፓ ጭስ አይዋጥም፤ ስለዚህ አይጎዳም» የሚለው የፒፓ ወዳጆች ማጽናኛ ከከንፈር፥ ከምላስና ከጉሮሮ ነቀርሳ አላዳናቸውም። የሁለቱንም ጣዕም የምናውቅ ሆነን ጉዳታቸውን ብንደብቅ ሐሰተኞች እንሆናለን።

አያቴ ራሷ ሳል ጸንቶባት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከመከረቻት ወዲህ ጋያዋን ትታለች። ይኸው ሁለት ዓመት ሆናት። ቀላል አልነበረም፤ ጠዋት ጠዋት እጇ ወደ ምሰሶው ሥር ይሄድ እንደ ነበር አይቻለሁ። ነገር ግን ስትተው ጋያውን አልሰበረችውም። አጥባ፥ ሸክላውን ከቅሉ ለይታ፥ ከግድግዳው ላይ ሰቀለችው። «ለምን አትጥይውም?» ሲሏት፥ «ክፉ ያደረገኝ ጭሱ ነው እንጂ ቅሉ አይደለም፤ ይህን ቅል የሰጠችኝ እናቴ ናት» ነው ያለችው።

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ጭሱን ከዕቃው እንለይ። የዓድዋን ጎራዴ በክብር ያስቀመጥነው ሰው ልንቆርጥበት አይደለም፤ የሠራውንና የያዘውን ሰው ልናስብበት ነው። አውሮፓውያንም ዛሬ የሸክላና የድንጋይ ፒፓዎቻቸውን በሙዚየም ደርድረው፥ የሠሪውን ስምና የተሠራበትን ዘመን ጽፈው ያስጎበኛሉ፤ በዚያው ሙዚየም ውስጥ ግን ማጨስ ክልክል ነው። ሁለቱ ነገሮች አይጣሉም። በኛ በኩል ያለው ግን ግልብጡ ነው፤ ጭሱን በሲጃራ መልክ ተቀብለን፥ ዕቃውንና ዕውቀቱን ከአልጋ ሥር ሸሸግን። መጣል የሚገባንን ያዝን፤ መያዝ የሚገባንን ጣልን።

የሚጣለው ነገር ትንሽ እንዳይመስላችሁ። ጋያን የሚያውቁ ሰዎች አርጅተዋል። ሸክላውን የሚሠሩት ሴቶች ገዢ ሲያጡ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳሉ። የእያንዳንዱ ክፍል ስም በቸሃ፥ በእዣ፥ በእኖር፥ በክስታኔ፥ በመስቃን የየራሱ ቃል አለው፤ ቅጠሉ ሲቀጠፍ፥ ሲደርቅ፥ ሲደባለቅ የሚባልበት ቃል አለው። ጋያ ለጎረቤት ሲዘረጋ የሚባለው ምርቃት፥ ከታላቅ ወደ ታናሽ የሚዞርበት ሥርዓት አለው። ባለቤቶቹ ሲያልፉ ይህ ሁሉ አብሮ ያልፋል። የጉራጌን ሕዝብ ኑሮ ዊልያም ሻክ በ1966፥ የጉራጌን ቋንቋዎች ቃላት ቮልፍ ሌስላው በ1979 በ3 ቅጽ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሳትመውልናል። ምስጋና ይገባቸዋል። ይሁንና ቋንቋውን ከእናታችን ጡት ጋር የጠባን እኛ፥ ዩኒቨርስቲውም በጓሯችን የተሠራልን እኛ፥ የእናቶቻችንን ዕቃ ስም ለማወቅ የፈረንጅ መዝገበ ቃላት መግለጥ ይገባን ይሆን?

ስለዚህ ሦስት ሐሳቦችን ለማኅበራችንና ለአንባቢዎች አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በሚመጣው መስቀል ወይም ዐረፋ ወደየቤታችን ስንሄድ እያንዳንዳችን አንድ ደብተር ይዘን እንሂድ። በቤታችን ወይም በጎረቤት ጋያ ያላቸውን ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በአክብሮት እንጠይቅ፤ ማን ሠራው? ከየት ተገዛ? ክፍሎቹ ምን ይባላሉ? ቅጠሉ እንዴት ይዘጋጅ ነበር? የትኛው ቅልቅል ይወደድ ነበር? ሰዎቹ የሚፈቅዱትን ብቻ እንጻፍ፤ ያልፈቀዱትን አናውጣ።

ሁለተኛ፤ የተማሪዎች ማኅበር ለአስተዳደሩ አመልክቶ የአገር ባህል ዕቃዎች በአንድ ክፍል እንዲሰበሰቡ ይጠይቅ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ለዚህ ጥሩ አርኣያ ነው። ጋያው ሲቀመጥም «የትምባሆ ማጨሻ» ተብሎ ብቻ እንዳይተው፤ የሸክላ ሠሪዋ ስም በፈቃዷ ይጻፍበት። ለዘመናት ስሟ ያልተጠራ ባለሙያ ስሟን በዩኒቨርስቲ ግድግዳ ላይ ብታይ፥ ስለ እኩልነት ከምናደርገው ንግግር ሁሉ ይበልጣል።

ሦስተኛ፤ ራሳችን አናጭስ። ይህ ምክር ብቻ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በተዘጉ የሕዝብ መገልገያና የሥራ ቦታዎች ማጨስን ከልክሏል፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትምባሆ መሸጥንም እንዲሁ። ሕጉ ባይኖርስ ኖሮ? ከቤተሰብ በሚላክልን ጥቂት ብር ደብተርና መጽሐፍ መግዛት ስንችል የሌላውን ኩባንያ ድርሻ ማወፈር ምን የሚሉት ዘመናዊነት ነው?

ያን ጓደኛዬን አስቀይሜው ከሆነ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ጽሑፉን ከማውጣቴ በፊት አሳይቼዋለሁ፤ ስሜን እስካልጠራህ ድረስ አውጣው ብሎኛል። እርሱን ለብቻው መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ከመካከላችን የእናቱን ቋንቋ በአውቶቡስ ውስጥ ጮክ ብሎ ለመናገር ያላፈረ፥ ቆጮ ከቤት ሲላክለት ለብቻው ያልበላ ስንት ነው? ጋያው አንድ ምሳሌ ነው። ፒፓውም መጥፎ ዕቃ ሆኖ አይደለም፤ እርሱንም የሠራው እንጨት ጠራቢ እንደ ሸክላ ሠሪዋ የእጅ ጥበብ ያለው ሠራተኛ ነው። መጥፎው የሁለቱን ሠራተኞች ሥራ አስቀምጠን አንዱን «ሥልጣኔ» ሌላውን «ኋላ ቀርነት» እያልን የምናስተምረው ሚዛን ነው።

ትምህርት ሚዛንን የሚያስተካክል ካልሆነ ምን ይሠራልናል? ፒፓም ጋያም እሳታቸው ይጥፋ፤ ጋያው ግን ከአልጋ ሥር ይውጣ።